ለወረቀት የተሠራ ፊደል

ሶፍትዌር በአማርኛ ሲገመገም የምሰማው ሁለት ቃል ነው፦ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም»። ስለ ልቦለድ እንዲህ ብንጽፍ አዘጋጆቹ ይስቁብን ነበር። ፕሮግራም ግን ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈው ነገር ነው። ዘመን አለው፤ ጸሐፊው በልቡ ያሰበው ተጠቃሚ አለው፤ አይቶ ያለፈው፣ ከነጭራሹ ያላየውም ነገር አለው። ኮድ እየጻፍኩ ስለምተዳደር ይሁን እንጃ፣ «ይሠራል» የምትለዋ ፍርድ ታበግነኛለች። በተለይ ስላረጀ ኮምፒውተር ስትነገር። ያረጀ ኮምፒውተር የሚሠራው ለሆነ ነገር ነው። ለምን እንደሚሠራ ካልጠየቅን ለምን እንደማይሠራም አናውቅም።

እዚህ የማነብበው በብዙ ቤትና በብዙ የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ ውስጥ አብረው ያረጁ ሁለት ነገሮችን ነው፦ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት ኮምፒውተርና ከዩኒኮድ በፊት በነበረው ስልት የተሠራ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም። ኤክስፒ የወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፤ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቋረጠው በአፕሪል 8 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜው በባለቤቱ ብልሃት የተገኘ ነው።

ናሙናዬ አባቴ ቤት ያለው ነው። ፔንቲየም 4፣ 512 ሜጋባይት ራም፣ 40 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፤ አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃውን ሲቀይር ወጥቶ በሁለተኛ እጅ የተገዛ። አባቴ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ ማሽን ላይ ስለተወለደበት ወረዳ ሲጽፍ ኖሯል፦ የገበያ ቀኖችን፣ የዘር ሐረግን፣ የመሬት ክርክሮችን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየክረምቱ እየዞረ ከሽማግሌዎች አፍ የሰማውን። ባጠቃላይ 46 ፋይል ነው። ቃላቸውን ከሰጡት ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት ያለ የለም። የሰማውን የከተበባቸው ደብተሮች ቤት ስንቀያይር አብዛኞቹ ጠፍተዋል።

ማሽኑን በሕይወት ማኖር ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። አንዳንድ ጠዋት ሲበራ ስክሪኑ ጨልሞ «ጢጥ ጢጥ» ይላል። ያኔ ክዳኑ ይከፈትና ራሙ ወጥቶ የብረት ጥርሱ በላጲስ ይታሻል። አዎ፣ በተማሪ ላጲስ። ተመልሶ ሲሰካ ይነሳል። መብራት መጣ ሄደት ሲያበዛ ከስታቢላይዘሩ ይነቀላል። ሲዲ ማጫወቻው ከተዘጋ ቆይቷል፤ የሚከፈተው በወረቀት ማያያዣ ሽቦ ነው። ኢንተርኔት የለውም፤ ስለዚህ የድጋፍ መቋረጡ ብዙም አልጎዳውም። ቢኖረውም የዛሬ ድረ ገጾች አይከፍቱለትም ነበር። ለእሱ ዓለም ማለት ፍላሽ ነው፤ በሽታውም የሚመጣው ከዚያው ነው። አንድ ጊዜ ከጽሕፈት ሱቅ የተመለሰ ፍላሽ ውስጥ የነበሩት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆነው ተገኝተው፣ አባቴ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ፋይሎቹ አልጠፉም ነበር፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው።

ከሁሉም የምትገርመኝ ግን ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ያህል ባትሪ ናት። ሲአር2032 ትባላለች። ሥራዋ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን መያዝ ነው። ስትሞት ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ፋብሪካው ወደሰጠው ቀን ይመለሳል፤ በዚህ ማሽን ጃንዋሪ 1 ቀን 2002 እ.ኤ.አ.። አባቴ ለዓመታት ቀኑን ሳያስተካክል ጽፏል። ዛሬ በፋይሎቹ መረጃ ብትሄዱ የአንድ ወረዳ የመቶ ዓመት ታሪክ እኩሌታው በአንድ የአውሮፓውያን አዲስ ዓመት ዕለት የተጻፈ ነው። ባትሪዋን ቀይሬያታለሁ። ያለፉትን ቀኖች ግን የሚመልስ ባትሪ የለም፤ የትኛው ረቂቅ ከየትኛው እንደሚቀድም ለማወቅ ማንበብ ግድ ነው።

የሥራ ባልደረቦቼ ስለዚህ ኮምፒውተር ስነግራቸው መልሳቸው አጭር ነው፦ «ለምን አትጥሉትም?» በዚህ መልስ ውስጥ ያለውን ንቀት እኛው ራሳችን ነን በየዓመቱ የምናመርተው። በእኔ ላፕቶፕ ላይ 16 ጊጋባይት ራም አለ፤ ሆኖም ቢሮ በምንጠቀምበት የመጻፊያ ገጽ ላይ ቁልፉን ስነካና ፊደሉ ሲመጣ መሃል ላይ ክፍተት ይሰማኛል። መስኮቱ ውስጥ ሙሉ የድረ ገጽ ማሳያ ተሸክሞ የሚሮጥ ፕሮግራም ስለሆነ ነው። በአባቴ ማሽን ላይ ጣት ሲነካ ፊደል ይወጣል። መሃል ላይ ምንም የለም። ያ ፕሮግራም የተጻፈው እያንዳንዱ ኪሎባይት ዋጋ በነበረበት ጊዜ፣ ዋጋውን በሚያውቅ ሰው ነው። እዚህ ላይ ክብር ይገባዋል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ሲቋረጥ ገና ምንም ያልሆኑ ኮምፒውተሮች ናቸው «ለአዲሱ አትመጥኑም» የተባሉት። ሊኑክስ ይሻላል የሚል አንባቢ ይኖራል፤ እውነት አለው፤ ግን ዴቢያን እንኳ በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው 13ኛ እትሙ እንደዚህ ላሉ ባለ 32 ቢት ማሽኖች መጫኛ ማዘጋጀቱን ትቷል። ስለዚህ «ይሠራል» ብሎ ላጲሱን የሚያነሳውን ሰው ኋላ ቀር ነው ብዬ አልስቅበትም።

የእኔ ጠብ ከማሽኑ ጋር አይደለም። ከፊደሉ ጋር ነው።

ይሄን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ። አባቴ መምህር በነበረበት ጊዜ ፈተና የሚያዘጋጀው በኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና ስቴንስል እየቆረጠ ነበር። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሳ ስማቸው አብሮ የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ የተጋፈጡት ችግር ይታወቃል፦ ፊደሉ ብዙ፣ ቁልፉ ጥቂት። መፍትሔው ፊደሉን መበታተን ነበር። ግዕዙ ይመታል፤ ካዕብ ሲፈለግ የጎን ቅጥያዋ፣ ኃምስ ሲፈለግ ቀለበቷ በላዩ ላይ ትመታለች። እንደ ሩ እና ፉ ያሉት በዚህ መንገድ አይገዙም። በመኪና የተጻፈ የድሮ ደብዳቤ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ቅጥያው ከፊደሉ ጋር ሳይገጥም ተንጠልጥሎ ይቀራል። ግን ይነበባል። ወረቀት ላይ ደግሞ መነበብ ብቻ ነው የሚፈለገው።

ኮምፒውተር ሲመጣ ያው ችግር በሌላ ቁጥር ተመለሰ። ያኔ አንድ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ነበር። 32ቱ ለትእዛዝ የተያዙ ናቸው፤ 224 ይቀራል። የአማርኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። ገና ሟ፣ ቷ፣ ጓን አልቆጠርንም፤ ገና 20ዎቹን የግዕዝ ቁጥሮችና ነጥቦቹን አልጨመርንም። አልበቃም። እንደነ ዶ/ር አበራ ሞላ ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታገሉት ከዚህ ጋር ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ደግሞ ፊደሉን በላቲን ሆሄ ለመወከል ሴራ የተባለውን ሥርዓት አዘጋጁ (የስሙን የአማርኛ ትርጉም ላየ ሰው ቀልድ ይመስላል)። አገር ውስጥ ብዙ ሰው እጁን የፈታው እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በታወቁበት ዘመን ነው። የዚያ ዘመን ፕሮግራሞች መላ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ እንደ ጽሕፈት መኪናው ፊደሉን ከፋፍሎ መገጣጠም። ሌላው ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ማከፋፈል፤ የተወሰኑት ቤተሰቦች በመጀመሪያው፣ የቀሩት በሁለተኛው፣ ጸሐፊው ሳያውቀው ፕሮግራሙ ከጀርባ ፎንት እየቀያየረ። የአባቴ የዚህኛው ወገን ነው።

ሁለቱም መላዎች ድንቅ ናቸው፤ ሁለቱም ግን አንድ ነገር ይዋሻሉ። ፋይሉ ውስጥ አማርኛ የለም። ውስጡ ያለው የላቲን ሆሄ ነው፤ ነጥብና ሰረዝ ከላይ የተጫነበት፣ ፈረንሳዩም ጀርመኑም የማያነብበው የላቲን ዝባዝንኬ። ፎንቱ ያንን ዝባዝንኬ እንደ አማርኛ ያስመስለዋል። ፎንቱ ሲነሳ ጭምብሉ ይወልቃል። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ፋይል ወስዶ «ኧረ ይሄ ምንድን ነው?» ያላለ የእኔ ዕድሜ ሰው አላውቅም።

ይህ የቴክኒክ ዝርዝር ይመስላል፤ ግን የማንበብና የመጻፍ ጉዳይ ነው። ኮምፒውተሩ ጽሑፉን እንደ እንግሊዝኛ ስለሚያየው እንደ እንግሊዝኛ ያርመዋል። የአባቴን ገጽ ስትከፍቱ ከላይ እስከ ታች በቀይ ዚግዛግ ተሰምሮበታል፤ ሁሉም ስሕተት ነው፣ ሁሉም እንግሊዝኛ አይደለም። ብሶ ደግሞ ዎርድ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ነው ያለውን ሆሄ በራሱ ወደ ትልቁ ይቀይረዋል። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፤ በዚያ ፎንት ውስጥ ግን የትንሹ ሆሄ ቦታ አንድ የአማርኛ ፊደል ነው፣ የትልቁ ቦታ ሌላ ፊደል። ስለዚህ ማሽኑ «አረምኩልህ» እያለ ቃል ይለውጣል። አባቴ ይሄን ራሱ ደርሶበት፣ የትኛው ማስተካከያ እንደሚያደርገው እየፈተነ አጥፍቶታል። እንግሊዝኛ ለማያዘወትር የታሪክ መምህር ትንሽ ነገር አይደለም። ፍለጋ አይሠራም፣ በፊደል ተራ መደርደር አይሠራም፤ የሰዎችን ስም ዝርዝር ደርድርልኝ ቢባል በላቲን ተራ ነው የሚደረድረው፣ ከበደ ከአበበ ይቀድማል ወይም አይቀድምም እንደ ዕድሉ። አትሙ ሲባል ግን ያትማል። በጣም ቆንጆ አድርጎ ያትማል።

ለዚህ ነው «ይሠራል» የሚለውን ቃል መጠየቅ ያለብን። ያ ፕሮግራም በልቡ ያሰበው ተጠቃሚ ወረቀት የሚፈልግ ሰው ነው፦ ማመልከቻ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ፈተና፣ ጋዜጣ። ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ፋይሉ ምን እንደሚሆን የማሰብ ግዴታ አልነበረበትም። ከኦሊቬቲው የተሻለ ኦሊቬቲ ነው። እንደዚያ ካነበብነው ጎበዝ ድርሰት ነው፤ በዘመኑ ከነበረው አቅም አንጻር ከዚህ የተሻለ እጽፍ ነበር ብዬም አልኮራም። ችግሩ እኛ እንደ ማስቀመጫ የተጠቀምንበት ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት የተጻፈ አማርኛ፣ መጽሐፍም፣ ጋዜጣም፣ የመመረቂያ ጽሑፍም፣ በዚህ ጭምብል ውስጥ ተቀምጧል። ከእነዚህ ፋይሎች የወጡ ፒዲኤፎችን ክፈቱ፤ ዓይን አማርኛ ያያል፤ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ዝባዝንኬው ይወጣል። የመፈለጊያ ፕሮግራሞችም የሚያዩት ያንን ነው። አማርኛ ኢንተርኔት ላይ ጽሑፍ የለውም ሲባል እሰማለሁ። ካለው ውስጥ ስንቱ ጭምብል ለብሶ እንደተቀመጠ ግን የሚጠይቅ አላጋጠመኝም።

መፍትሔው ከመጣ ቆይቷል። ዩኒኮድ በሦስተኛ እትሙ፣ በ1999 እ.ኤ.አ.፣ የኢትዮጵያን ፊደል 345 ምልክቶች ይዞ ተቀበለ። ሀ ቁጥሯ 4608 ነው፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610፤ ለ ደግሞ 4616 ላይ ትጀምራለች። ቤተሰቡ በስምንት ስምንት ቤት ተደርድሯል፤ የፊደል ገበታን በጣቱ እየነካ የተማረ ልጅ ተራውን ወዲያው ያውቀዋል። ፎንቱ ቢለወጥ፣ ማሽኑ ቢለወጥ 4608 ሀ ናት። አማርኛ ከመልክ ወደ ፊደልነት የተመለሰው እዚህ ላይ ነው። ግን ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ኤክስፒ የኢትዮጵያ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ፎንት አብሮ ያመጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ በቀረበው ቪስታ ነው። እስከዚያ የሰው ጣት ተማረ። ጣት የተማረውን ደግሞ በቀላሉ አይረሳም።

አባቴ ስለዚህ ነገር ስንከራከር የሚለው ይሄን ነው፦ «ልጄ፣ አንተ አዲስ ፊደል ልታስተምረኝ ነው የምትፈልገው፤ እኔ የቀረኝ ጊዜ ለመጻፍ ነው።» ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ የግራ ዓይኑ ሞራ ይዞታል። «አባዬ፣ አንተ እንደለመድከው ጻፍ፤ እኔ እቀይርልሃለሁ» አልኩት። በዚህ ተስማማን። እሱ በዚያው ማሽን ይጽፋል፤ እኔ ፍላሽ ይዤ እወስድና እለውጣለሁ።

መለወጡ በመጀመሪያ የምህንድስና ሥራ ነው፤ በፍጥነት ልለፈው። ፋይሎቹ የድሮ የዎርድ ፋይሎች ናቸው፤ ሊብረኦፊስ ይከፍትና በአዲሱ ቅርጽ ያስቀምጣቸዋል። ከዚያ በፓይተን የጻፍኩት አጭር ፕሮግራም እያንዳንዱን ቁራጭ ጽሑፍ ይዞ «ፎንትህ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እንደ መልሱ ከሠንጠረዥ ውስጥ ትክክለኛውን የዩኒኮድ ፊደል ያነሳል። እውነተኛ እንግሊዝኛ ከሆነ ይተወዋል። ሠንጠረዡን ለመሥራት አንድ ቅዳሜና እሑድ በቅቷል።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ከምህንድስና ወጥቶ የአርታኢ ሥራ የሆነው። የመጀመሪያው ፋይል ተለውጦ ስክሪን ላይ ሲወጣ አማርኛው ትክክል ነበር፤ ግን ፕሮግራሜ አንድም ዓረፍተ ነገር አላገኘበትም። አባቴ አራት ነጥብ አይጽፍም። ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ነው የሚመታው። መልኩ አንድ ነው፤ ወረቀት ላይ ማንም አይለየውም። ለኮምፒውተር ግን ። አንድ ምልክት ነው፣ ፡፡ ሁለት ምልክት። ከጽሕፈት መኪና የመጣ ልማድ ነው ይላል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ዛሬም ስልካቸው ላይ፣ የጽሕፈት መኪና በዓይናቸው ያላዩ ልጆች ሳይቀሩ፣ ፡፡ ብለው ነው ዓረፍተ ነገር የሚዘጉት። ማሽኑ ሙዚየም ገብቶ ልማዱ ቀርቷል። ይሄን ያለ ሐሳብ ለወጥኩት፤ ማንም ሽማግሌ በሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ አልተናገረም።

ቀጥሎ የመጣው ግን አከራከረን። አባቴ «መጥቱዋል»፣ «ሞቱዋል»፣ «ሰርቱዋል» ብሎ ይጽፋል። ቷን ኦሊቬቲው ላይ ማግኘት ስለሚያስቸግር የተማረው ነው፤ ኮምፒውተሩ ቷን ቢሰጠውም ጣቱ አልተመለሰም። ፕሮግራሜ በአንድ መስመር ሁሉንም ወደ «መጥቷል» ሊቀይረው ይችላል። ልቀይር? የወጣት ዘመኔ ደስታ «አስተካክል» ይላል። ሆኖም እዚያው ፋይል ውስጥ አባቴ ንጉሥን በንጉሡ ሠ፣ ሰውን በእሳቱ ሰ፣ ኃይልን በብዙኃኑ ኀ ለይቶ ይጽፋል፤ ይሄ ከማሽን የመጣ አይደለም፣ ከቄስ ትምህርት ቤት የመጣ ነው። ለፍለጋ እንዲመች ሰና ሠን አንድ የሚያደርጉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለፍለጋ ጥሩ ናቸው፣ ለጽሑፍ ግን ሰውየውን ይሰርዙታል። ታዲያ «ቱዋ» ከየትኛው ወገን ናት? ከማሽኑ ወይስ ከሰውየው? አርባ ዓመት የጻፋት ከሆነ የእሱ አልሆነችም? ባንድ ምሽት ክርክር የወሰነው እሱ ነው፦ ራሱ የሚተርክበት ቦታ «ቷ» ይሁን፤ ሽማግሌዎቹ በቃላቸው የተጠቀሱበት ቦታ ግን እንዳለ ይቆይ፣ ምክንያቱም በተናገሩበት አገር አነጋገር ድምፁ ረዘም ይላል፣ «ቱዋ» ለዚያ ይቀርባል። በአጋጣሚ የተገኘ የማሽን ጉድለት ለአንድ አካባቢ አነጋገር መጻፊያ ሆነ። እኔ ለብቻዬ ብሆን በአንድ መስመር ኮድ አጥፍቼው ነበር።

ለዚህ ነው ያረጁ ፋይሎችን ማዳን የቴክኒሻን ሥራ ብቻ የሚመስለው ሰው ሲያጋጥመኝ የምከራከረው። የሰፈሩ ባለሙያ ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት አለው፤ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ፋይሉን ኮፒ አድርጎ ያወጣል፣ ዲስኩን ያጸዳል፣ አዲስ ዊንዶውስ ይጭናል፣ ፎንቱን ግን አያወጣም። በደንብ የሚሄድ ማሽንና የማይነበብ መጽሐፍ ይሰጥሃል። የፎንቱ ፋይል ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ ያለ እሱ 46ቱም ፋይል የላቲን ጫካ ናቸው። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ማሽን ካለ፣ ከጽሑፉ በፊት ፎንቶቹን አውጡ።

45ቱ ፋይሎች ተለውጠዋል። 31ኛው ቀርቷል።

31ኛውን አባቴ ከዓመታት በፊት «አሳምሩልኝ» ብሎ ለአንድ የጽሕፈት ሱቅ ሰጥቶት ነበር። ጸሐፊው ጽሑፉን በሙሉ መርጦ ባንድ ፎንት አደረገው። ለማንኛውም እንግሊዝኛ ጽሑፍ ምንም የማይጎዳ ሥራ ነው። እዚህ ግን በሁለተኛው ፎንት የተጻፈው ፊደል ሁሉ ከመጀመሪያው ፎንት ጎረቤቱን መልክ ያዘ። ፋይሉ ውስጥ የትኛው ፊደል ከየትኛው ፎንት እንደነበረ የሚናገር ምንም አልቀረም። እያንዳንዱ ቦታ ሁለት ንባብ አለው፤ ባለ አምስት ፊደል ቃል 32 ንባብ ሊኖረው ይችላል። ዋናው ቅጂ በፍሎፒ ነበር፤ ፍሎፒው አይነበብም።

ከሌሎቹ 45 ፋይሎች የአባቴን ቃላት በሙሉ ሰብስቤ፣ ከ32ቱ ንባቦች ውስጥ ሌላ ቦታ የጻፈውን ቃል የሚመርጥ ፕሮግራም ሠራሁ። አብዛኛውን ያገኘዋል። «ገበያ» ከሆነ ገበያ መሆኑ ይታወቃል። የማያገኘው ስም ነው፦ የሰው ስም፣ የወንዝ ስም፣ የአንዲት ማሳ ስም። 31ኛው ፋይል ደግሞ የዘር ሐረግና የመሬት ወሰን ነው፤ ከሞላ ጎደል ስም ነው። የማንም መዝገበ ቃላት የማያውቃቸው፣ ሌላ ቦታ ያልተጻፉ ስሞች።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ሁለቱንም ንባቦች ጎን ለጎን በትልቁ አትሜ በየሳምንቱ እወስድለታለሁ፤ በወረቀት፣ ምክንያቱም ስክሪን ዓይኑን ያደክመዋል። በደህናው ዓይኑ ይጠጋና ትክክለኛውን በቀይ እስክሪብቶ ያከብበዋል። አንዳንዴ ሁለቱም አይደሉም ይልና ሦስተኛ ይጽፋል። አንዳንዴ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ስሙን ጮክ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠራዋል፣ የነገረውን ሽማግሌ ድምፅ እየፈለገ። አጥቶት ያለፈው እስካሁን አሥራ አራት ስም ነው። እነሱን ባዶ አልተዋቸውም፤ ሁለቱንም ንባብ በጥያቄ ምልክት ይዣቸዋለሁ። ከ38ቱ ገጾች ዘጠኝ ይቀሩናል።